የደቻቱ ዞምቢዎች

ሙታን ተነሥተው ከተማ የሚወሩበት የቴሌቪዥን ድራማ የዕለቱ ቀረጻ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ሜካፕ ሠሪዋ ቱሪያ ዞምቢ የሚሆኑትን ሰዎች ተራ በተራ ፊታቸውን አመድ ታለብሳለች።

«አቦ፣ ሞታችሁም ይሞቃችኋል እንዴ?» እያለች ታስቃቸዋለች።

የመጨረሻዋ ልጅ እግር ሴት ጉንጭ ላይ ግን አመዱ ጭቃ ሆነ። ደግማ ነሰነሰችባት፤ አሁንም ጭቃ ሆነ። ከሹሩባዋ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እህቴ፣ በዚህ ሐሩር የት ተነክረሽ መጣሽ?» አለቻት፣ ጭቃውን በፎጣ እየጠረገችላት።

ጭቃው ሲለቅ አገጯ ላይ ጠባሳ ታየ። ቱሪያ ጠባሳውን ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ የደቻቱ ጎርፍ የወሰደባት የታላቅ እህቷ ነው።

ልጅቷ የቱሪያን ሽበት በርጥብ ጣቷ ነካ አደረገችው።

«ቱሪ፣ ወንዙ ጎደለ?»