ስርጉት እስክትመጣ

ባለቤቴ አንዱአምላክ አንጎሉን ካጠቃው ቫይረስ ድኖ ደብረ ታቦር ቤታችን በገባ በወሩ ጉርሻዬን እምቢ አለ።

«ስርጉት ስትመጣ ታጎርሰኛለች» አለኝ። ስርጉት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ መድኃኒት ቀየረለት። «ቫይረሱ ጠፍቷል። አሁን አንጎሉን የሚያጠቃው የራሱ ሰውነት ነው፤ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮታል» አለኝ።

በየቀኑ ምሳ አቀርባለሁ። እሱ እንደ እንግዳ ሰው አንቱ ይለኛል። «እርስዎም ደክመዋል፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ብሎኝ እንጀራው እስኪደርቅ በሩን ያያል።

ዛሬ ሽሮውን ሳወጣ ውሻችን ጅራቱን እየቆላ ወደ አጥሩ በር ሮጠ። ለማያውቀው ሰው እንዲህ አያደርግም።

«አንዱዬ፣ ክፈትልኝ! ገበያው አቆየኝ» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ድምፁ የእኔ ነው።

«ይኸው መጣች» አለኝና አንዱአምላክ እጁን ሊታጠብ ተነሣ።