የወረቀቷ ሰዓት

የአዛዡ ጥፊ ሲያርፍበት የጀልባዋ ራዲዮ ሠራተኛ ሙንጊ ሁለቱን ወረቀቶች አልለቀቀም። በግራ እጁ ፋክሱ የተፋው የአየር ካርታ አለ፤ መስመሮቹ እንደ ጣት አሻራ ተጠጋግተዋል፤ ማዕበል ከምዕራብ እየመጣ ነው። በቀኙ ያለችው ከማስጠንቀቂያ መቀበያው የተቀደደች፣ እንደ ሱቅ ደረሰኝ የጠበበች ወረቀት ናት፦ የባሕር ኃይል የተኩስ ልምምድ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ከቀትር በኋላ እስከ አራት ሰዓት፣ አካባቢው ለጀልባ ዝግ።

ወደ ግብፁ ወደብ ወደ ዱምያጥ የሚወስደው አቋራጭ በዚያ መሐል ያልፋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ተኩል ይላል።

የዓሣ ጀልባዋ አዛዥ ረይስ ሐሙዳ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ተኩሱ አብቅቷል፤ ዙሪያውን ስንሄድ ማዕበሉ ካገኘን አሥራ አንዳችንም የዓሣ ቀለብ ነን አለ። ስለ ማዕበሉ አልተሳሳተም።

ሌላ ቀን ቢሆን ሙንጊ በእርሳስ ሁለት ሰዓት ጨምሮ፣ አስተካክሎ ነበር የሚያቀብለው። ዛሬ ግን እሱ ሰግዶ ሳይጨርስ ረይሱ ራሱ ቀድዶ አነበባት።

ሙንጊ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረ። "ረይስ፣ ወረቀቷ የምታወራው በለንደን ሰዓት ነው። በእኛ ስድስት ሰዓት ነው የሚያበቃው። ገና እየተኮሱ ነው።"

"ሼኽ ወረቀትን ሰማችሁት?" አለ ረይሱ በተከፈተው መስኮት። "ባሕሩ የእኛ፣ ተኳሾቹ የእኛው ልጆች። ምሳቸውንም በለንደን ሰዓት ነው እንዴ የሚበሉት?"

ከፊት መረብ የሚጠቀልሉት ሳቁ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሱብሒ ነበር፣ የረይሱ ታናሽ ወንድም።

ከሩቅ የበር መዘጋት የመሰለ ድምፅ መጣ። ረይሱ ነጎድጓድ ነው አለ።

ሙንጊ በልቡ ቢስሚላህ ብሎ መሪው ላይ ተወረወረ። ሁለት ዙር አዞረው። ረይሱ ከኋላ አንቆ ጎተተው፤ አልላቀቅ ሲለው የብረት ፔርሙሱን አንስቶ ፊቱን መታው። አፍንጫው ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። ሙንጊ እጁን ከመሪው አላነሳም። ረይሱ ደግሞ መታው። በሦስተኛው ሙንጊ ወደቀ። ረይሱ ጀልባዋን ወደ አቋራጩ መለሳት።

የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት በስተቀኝ ባሕሩን እንደ ሚናሬት አቆመው። ሁለተኛው ከፊታቸው ወደቀ። የመስኮቱ መስታወት ተበትኖ የረይሱ ፊት ላይ ተሰካ።

ውሃው ከጀልባዋ ወለል ላይ ሲወርድ መረቡ ነበረ፤ ሱብሒ አልነበረም። አንድ የጎማ ቦቲው በመረቡ ተይዞ ቆሟል። ባዶ አልነበረም።

ሙንጊ በደም የሚያንሸራትተውን መሪ ተደግፎ ተነሣና ጀልባዋን ወደ ማዕበሉ አዞራት። የከለከለው የለም።

ረይስ ሐሙዳ ግድግዳው ጋ ቆሟል። የሰዓቱን መስታወት ከፈተ። ስብርባሪ በተሰካበት ጣቱ ትንሿን ቆጣሪ ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር፤ ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት። የለንደን ሰዓት በሆነው ሁለት ላይም አላቆመም።