ለማመልከቻ የሚሆን ቁስል

«አፍንጫሽን አትያዢ፤ ያይሻል።» ነው ያለቻት? ወይስ «ይከፋዋል»? ሠርኬ በትክክል አታስታውሰውም። ገና ልጅ ሳለች፣ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ አንዲት ሴት የበሽተኛ ቁስል እያጠበች ለጓደኛዋ ስትነግራት ነው የሰማችው። ጓደኛዪቱ ምን ብላ እንደመለሰች ጭራሽ ጠፍቶባታል።

ዛሬም የምንይሉን እግር ለብ ባለ የጨው ውሃ ስታጥብ አፍንጫዋን አልያዘችም። ምንይሉ ጎጃም በረንዳ እህል ተሸካሚ ነው። የጋሪ ጎማ እግሩ ላይ ከሄደበት አሥራ ሁለት ቀኑ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «በየቀኑ ካልታጠበ መቆረጡ አይቀርም» ብላዋለች። ሠርኬም ነጭ ሽንኩርት ከምትቸረችርበት ከጋሼ ጥላሁን መጋዘን ደጃፍ ሆና ጠዋት ጠዋት ታጥብለታለች።

ጨርቁን ጠቅልላ ሳትጨርስ ጋሼ ጥላሁን ልጃቸውን እድላዊትንና ስልክ የያዘ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። ልጅቷ ነጭ ጋወን ለብሳለች፤ የዋጋው ወረቀት ገና ከአንገትጌው አልተበጠሰም።

«ሠርኬ፣ እስቲ ፍቺው» አሉ። «ልጄ ሕክምና ኮሌጅ ልታመለክት ነው። በጎ ፈቃድ ስትሠራ የሚያሳይ ፎቶ አያይዢ ብለዋታል።»

ሠርኬ ፈታችው። እድላዊት ጓንቷን አጥልቃ ቁጢጥ አለች። ጥጡን ከቁስሉ አንድ ስንዝር አርቃ ይዛ ፊቷን ወደ ስልኩ አዞረች።

«ጠጋ በይ እንጂ ዶክተር፣ አይናከስም» አለ ፎቶ አንሺው ሶሊ። ያነሳውን አየና ከንፈሩን ጣለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ነው። የዳነ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሳይታጠብ ይደር። ነገ መግል ሲቋጥር ያምራል።»

ሠርኬ የፈታችውን ጨርቅ አነሳች። እስከ ዛሬ መግል ስትጠርግ ያልያዘችውን አፍንጫዋን አሁን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። በልቧ «አቤቱ» አለች፤ ቀጥሎ የሚባለው አልመጣላትም።

«ልጄ» አለቻት እድላዊትን፤ ነርሷ ያለችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

እድላዊት እስክትጨርስ ሰማቻት። ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀችና ወደ አባቷ ዞረች።

«ነገ ጠዋት አይመቸኝም። ከሰዓት ይሁን።»

«ሰማህ አይደል?» አሉ ጋሼ ጥላሁን፣ ምንይሉን። «ሲሻልህ ሥራህ እዚሁ መጋዘን ነው። ለሌላ ሰው አልሰጥብህም።»

ምንይሉ ሠርኬን አላያትም። እግሩን ከፊቷ ቀስ አድርጎ ሰበሰበ።

«እሺ ጋሼ» አለ። «እስከ ነገ ከሰዓት ሳላሳጥብ እቆያለሁ።»