ለስፒከሩ የሚስማማ አምፕሊፋየር

እኔንና ጎረቤቴን የሚለየን አንድ ስስ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነው። ቁመታቸው እኔን የሚያክል ሁለት አዲስ ስፒከሮች ሲያስገባ ሳይ፣ “በቃ፣ የእንቅልፌ ነገር አበቃለት” አልኩ። አምፕሊፋየር ሊገዛ ሲወጣ “ላማርጥህ” ብዬ ተከተልኩት።

ሱቁ ውስጥ ትንሿን አነሳሁና እንደ ባለሙያ ኮስተር ብዬ፣ “ይቺ ትበቃሃለች። ትልቁን ከወሰድክ ስፒከሮችህን ያቃጥልብሃል” አልኩት።

ሻጩ ግን፣ “ቤታችሁ ጫጫታ አለው እንዴ?” ብሎ ጠየቀው።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞሮ አቀረቀረ። “ጋሽ ይትባረክ፣ እንዳይቀየሙኝ። እኛ ፊልም የምናየው እርስዎ ከተኙ በኋላ ነው። ማንኮራፋትዎን የሚያልፍ ድምፅ ካላገኘን፣ ተዋናዮቹ የሚሉት አይሰማንም።”

ሻጩ ትንሿን ከእጄ ተቀብሎ ወደ መደርደሪያዋ መለሳት።