ጀርባዋን የሰጠችው ሴትዮ

የሥዕል ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ ሰዉ ድምፁን አጥፍቶ፣ በሕልም እንዳለ ሁሉ፣ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይንሳፈፍ ነበር። እናትየው ከልጇ ጋር አንዱ ሥዕል ፊት ቆመች። አንዲት ሴትዮ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ሰማያዊ ጨርቅ ትሰፋለች፤ ጨርቁ ረዝሞ ረዝሞ ሰማይ ሆኗል።

“ይቺ ጎባጣ ደግሞ ምን ሆና ነው ፊቷን የነፈገችን?” አለች ጮክ ብላ።

አንዲት መልካም ቃል ከእናቷ አፍ ልትሰማ ይዛት የመጣችው ሠዓሊ ልጇ አንገቷን ደፋች። “አንቺ ነሽ እኮ፣ እማዬ። እኔ ያደግኩት ጀርባሽን እያየሁ ነው።”

“ታዲያ አትጠሪኝም ነበር? አፍ የለሽም እንዴ?”

“ጠርቼሽ ነበር።”

እናትየው ሥዕሉን ዳግመኛ አየችው። ሰማያዊው ጨርቅ ሲወዛወዝ ታያት። ከዚያ ቀስ ብላ ለልጇ ጀርባዋን ሰጠችና፣ “በይ፣ አሁን ጥሪኝ” አለች።