ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ልጅን ቤት ማስተማር ከራስ ቀንሶ መስጠት ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወላጅ ዕውቀት በሚያሻግረው ማሽን ለልጁ ያስተላለፈው ትምህርት ከራሱ ጭንቅላት ይወጣል፤ ተመልሶም አይገባም።

ይርጋ ዓምና ለልጁ ለውብዓለም ሒሳብ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ የደም ግፊት መድኃኒቱን ስንት ስንት እንደሚውጥ ቆጥራ የምትሰጠው ሚስቱ ትርሲት ናት።

ዘንድሮ ተራው የእሷ ነበር። የትምህርቶቹን ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያማርጡ ሰነበቱ።

«ጂኦግራፊውን ስጫት፤ ቢቀርሽም አይጎዳሽም» አላት ይርጋ።

«ማንበብ የማትችል ልጅ ካርታውን ምን ታደርገዋለች? ንባቡን ነው የምሰጣት» አለችው።

ንባቡን ልትሰጥ በዋዜማው ለራሷ አጭር ማስታወሻ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። ሲከፋኝ አነበዋለሁ ብላ ነው።

ንባቡን በሰጠች ማግስት ከፋት። የይርጋን መድኃኒት ልትሰጠው ሁለቱን ብልቃጦች ብታነሳ፣ የቱ የጠዋት የቱ የማታ እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ የጉንዳን ሰልፍ ሆነባት። ብልቃጦቹን እንደያዘች ወደ ፍሪጁ ሄደች። ስህተቷ የገባት ወረቀቱ ፊት ስትቆም ነው። የእጅ ጽሑፉ የራሷ መሆኑን ታውቃለች፤ ምን እንደሚል ግን ከንባቡ ጋር አብሮ ሄዷል።

ውብዓለም ከኋላዋ መጣችና ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች።

«ትርሲት፣ እንዳትጸጸቺ። ስታነብ ስሚያት።»

ከዚያ ዞር ብላ እናቷን አየቻት። «እማዬ፣ ማን ነው የጻፈልሽ?»

ትርሲት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት።