ሴት ልጅ አታፏጭም

ነገሩ ሁሉ የአንድ ቁልቁለት ጉዳይ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ያለ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ ሪዞርት ሊስፋፋ ፈለገ። ሰዎችን በገመድ ወደ ላይ የሚያወጣው አዲሱ ሊፍት የሚያልፈው ድንጋይ በድንጋይ ላይ በተከመረበት ቁልቁለት ነው። ማስፋፊያው በተፈጥሮው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጠና የተቀጠረው ደግሞ ብሩክታዊት የምትሠራበት የኦክላንድ ቢሮ ነበር።

ጥናቱ ሲጠብ ሲጠብ አንዲት እንስሳ ላይ ደረሰ። ፓይካ ትባላለች። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጆሮዋ ክብ የሆነ የጥንቸል ዘመድ ናት። ሙቀት አትችልም፤ ከድንጋዩ ሥር በቀር ሌላ አገር የላትም። ካለች ሊፍቱ መንገዱን ይቀይራል። ከሌለች ቁልቁለቱ በድማሚት ይስተካከላል።

ፓይካን በዓይን ማግኘት ከባድ ነው፤ የምትታወቀው በቀጭን ድምጿ ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዋ ገዛኸኝ ተራራው ላይ ወጥቶ መቅረጫዎቹን ድንጋዩ መሀል ያስቀምጣል፤ የተቀረጸውን ብሩክታዊት ሳን ሆዜ ቤቷ ሆና ታዳምጣለች። ኮምፒውተሩ አጠራጣሪ ቦታዎችን ምልክት ያደርግላታል፤ ማረጋገጡ ግን የሰው ጆሮ ድርሻ ነው። ምልክቱን ትከፍታለች። ታዳምጣለች። "ነፋስ" ብላ ትሞላለች። ቀጣዩን ትከፍታለች። ነፋስ።

ገዛኸኝ በዲቪ የመጣ ባዮሎጂስት ነው፤ ወሬ አያልቅበትም። ሐሙስ ቢሮ ሲገናኙ መጥቶ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ዛሬም ነፋስ?"

"ዛሬም።"

"ብሩኬ፣ እኔ እኮ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። አንዷማ እንደ አዲስ አበባ ትራፊክ ነው ያስቆመችኝ። መንጃ ፈቃድ አምጣ ልትለኝ ምንም አልቀራት። ኮል አድርጌ ላሰማሽ ነበር፤ ሲግናል የለም እንጂ።"

"ታዲያ ቅጂው ላይ የታለች?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? አዳማጯ አንቺ።"

ሲናገር አፍ አፉን ታየው ነበር። ብሩክታዊት የሰው ዓይን ውስጥ አታይም። ስብሰባ ላይም "ድገሙልኝ" ከማለት ዝም ብላ ራሷን መነቅነቅ ይቀላታል። ዓይን አፋር ናት ይሏታል።

ልታምነው ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ገዛኸኝ ሰመር ላይ ጉልበቱን ተጎድቷል፤ የቢሮውን ደረጃ እንኳ ሲወጣ ያነክሳል። ቅጂው ላይ ደግሞ የከባድ መኪና ጉርምርምታ በደንብ ይሰማታል። ተራራ አናት ላይ መኪና ምን ይሠራል? ሰውየው መቅረጫዎቹን ፓርኪንጉ አጠገብ ጥሎ ተመልሷል ማለት ነው።

አለቃቸውም ይህንኑ ጠርጥራለች። በረዶው ሊጥል ስለሆነ እንደገና ለመቅረጽ ጊዜ የለም፤ ሪፖርቱ "አልተገኘችም" ብሎ ይወጣል።

"እኔ የማምነው አንቺን ነው" አለቻት። "አልወጣም ካልሽኝ ሰኞ አሰናብተዋለሁ። ቅዳሜ ኢሜይል አድርጊልኝ።"

የገዛኸኝ ሚስት ልትወልድ ተቃርባ ነበር። ቢሮው በሙሉ ያውቃል።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ጥሩዬ ሰው ያፏጫል ማለት ጀምረዋል።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሴት ልጅ አታፏጭም። በጠራራ ፀሐይ ሰይጣን ትጠሪያለሽ?"

"እማዬ፣ አላፏጨሁም።"

"እሺ፣ እኔ ነኛ።"

ሌላ ቀን ደግሞ ማይክሮዌቩ ጮኾ ጮኾ ሲሰለቸው ዝም አለ፣ ምሳሽ ቀዘቀዘ ይሏታል። እሷ ግን የጮኸ ነገር አልሰማችም። ብሩክታዊት ለመርሳት በሽታ ምርመራ ቀጠሮ ያዘችላቸው። ቀጠሮውን ስትይዝ ምንም አልተሰማትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ጥሩዬ የታጠፈ ልብስ ሊያስቀምጡ የልጃቸውን መሳቢያ ሲከፍቱ ትንሿን ግራጫ ሳጥን አዩ። ከዚህ በፊትም አይተዋታል። አልከፈቷትም፤ የሰው ምስጢር አይነኩም።

"ይሄ ጉትቻ አሁንም እዚሁ ነው?"

ብሩክታዊት ፊቷ ቀላ። "አንድ ቀን አደርገዋለሁ።"

"ሰጪው ይታዘብሻል። ስሙን እንኳ አልነገርሽኝ።"

"እማዬ፣ ተይኝ በናትሽ።"

"ተውኩሽ። ጆሮሽ ባዶውን ይኑር።"

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የኮምፒውተሩን ድምፅ ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ የቀረውን ምልክት አዳመጠች። ነፋስ። ኢሜይሉን ጻፈች፤ አጭር ነበር። ገዛኸኝ የወጣ አይመስለኝም። ላከችው። የሚስቱ ሆድ ትዝ አላትና እንደ ሩቅ አገር ዜና አለፈ። ቅጂውን ሳታጠፋ ብርጭቆዋን አንሥታ ውሃ ተጎነጨች።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

"ያን ፉጨት አቁሚ አላልኩሽም..."

ፊቷን ልብ ብለው አዩ። የልጃቸው ጉንጭ በውሃ እንደተሞላ ነበር።

"አፍሽ ውሃ ይዞ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እንዴት ነው የምታፏጪው?"

ብሩክታዊት ውሃውን ዋጠች። እናቷን አየች። ኮምፒውተሩን አየች፤ ቅጂው አሁንም እየሄደ ነው። ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች።

ከግራጫዋ ሳጥን ሐኪም ያዘዘላትን ሁለቱን የመስሚያ መሣሪያዎች አውጥታ ጆሮዎቿ ላይ አደረገች፤ ቁልቁለቱ በሙሉ ያፏጭ ነበር።